የእንድሪስ ረጅም ሰላምታ

«ድንገት ሞተ» አሉኝ።

አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ እስካለው ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ደጄ ላይ ቆመው፣ «የውሃ አባቱ እንድሪስ ድንገት አረፈ» አሉኝ። ድንገት! ገደል የገባ፣ መብረቅ የመታው፣ መኪና የገጨው ሰው ድንገት ሞተ ቢባል ያምርበታል። ወደ አርባ ዓመት ሙሉ በዓይናችን ፊት፣ በየመንገዳችን ዳር ቆሞ ትንፋሽ ሲለቅም የኖረ ሰው ድንገት አይሞትም። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሞተው። ዘግይተን የሰማነው እኛ ነን።

«አሟሟቱ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር!» አለኝ ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዱ። «አቀበቱ ላይ ከሰይድ ጋር ተገናኝተው ሰላምታ እየሰጠው ነበር። ቤቱን ጠየቀው፣ ልጆቹን ጠየቀው፣ ስለ ከብቱ ሲጠይቀው ወደቀ። ሰላም እያለ ሄደ። ምን ያለ የታደለ ሰው ነው!»

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። በሰባ ስምንት ዓመቴ በሰው ፊት በር ስዘጋ የመጀመሪያዬ አይደለም። መልሼ ከፍቼ ይቅርታ ሳልጠይቅ ስቀር ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ለማያውቁኝ፣ መንገሻ እባላለሁ። አንኮበር ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ድሬሰር ሆኜ ሠርቻለሁ። ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ ክኒን ቆጣሪ ነው። አገሬው «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም ሰው ማረም ነውር ስለሚመስለኝ ዝም እል ነበር። የልብ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ እንደ ሐብል አንጠልጥዬ ጠላ ቤት እገባበት ነበር። ጠላ ሻጯ «ዶክተር፣ ያ ነገር ምን ያሰማዎታል?» ስትለኝ «የሴት ልብ» ብያት አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። አሁን ጥርስም ፀጉርም የለኝም፤ ምላሴ ግን ከነሙሉ ጤንነቷ አለች። ከዚህ በታች የማወራው እሷ ስላደረገችው ጥፋት ነው።

እንድሪስ የአሊዩ አምባ ሰው ነበር። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው ናት። እኛ ላይ ሆነን በብርድ ስንንቀጠቀጥ እነሱ ታች ሽንኩርትና ሎሚ ያለማሉ። ውሃው ከተራራው በአንድ ቦይ ይወርዳል፤ ማሳው ብዙ ነው። ስለዚህ ተራ የሚያስይዝ፣ የየማሳውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ይመረጣል፤ የውሃ አባት ይሉታል። እንድሪስ በጎልማሳነቱ ነው የተመረጠው። በሩን ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ሳንቃው ላይ ለጥፎ ትንሽ ይቆያል። «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉት «ውሃው ምን ያህል እንደገፋ እየጠየቅሁት» ይል ነበር። ሁለት ሰዎች በተራ ሲጣሉ ደግሞ አንድ አባባል ነበረው፦ «ውሃ አይዋሽም፤ የሚዋሸው በሩን የያዘ ሰው ነው።»

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በሰላምታው ነው። እኔ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ እንድሪስ ያለ አላየሁም። ከታች አቀበቱን ይዞ ሲመጣ ገና ሰው ሲያይ ይቆማል። በትሩን መሬት ላይ ይተክላል፣ ሁለት እጁን ጫፏ ላይ ይደራርባል፣ ከዚያ ይጀምራል።

«አሰላሙ አለይኩም። እንዴት አደራችሁ።» ትንሽ ዝም ይላል። «ቤት ደህና?» ዝም። «ልጆች ደህና?» ዝም። «ከብት ደህና? ላሚቱ ወለደች?» ዝም። «አማትህን አሟቸው ነበር፣ ተሻላቸው?» ዝም። «አዝመራው እንዴት ይዟል?»

በየጥያቄው መሃል መልሱን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ ራሱን እየነቀነቀ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ። እናቶች ልጆቻቸውን «ሰላምታ ከእንድሪስ ተማሩ» ይሉ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ድንበር ሲጋፋ፣ «ታጋሽ ሰው ነው» ተብሎ ሽማግሌ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ይወደዋል። እኔ በጣም እወደው ነበር። የእኔን ወሬ ሳያቋርጥ ሰምቶ የሚጨርስ ሌላ ሰው በወረዳው አልነበረም።

ያ ሁሉ ዝምታ ትንፋሽ ፍለጋ መሆኑን ማን ያስብ! ሰውዬው አቀበቱን በአንድ ጉልበት መጨረስ ስላልቻለ፣ ቁጭ ብሎ ማረፍ ደግሞ ለጎልማሳ ስለሚያሳፍር፣ በሰላምታችን ላይ ያርፍ ነበር። የእኛን ላሞችና አማቶች እንደ መቀመጫ ድንጋይ ይጠቀምባቸው ነበር። እኛም ኩራት ተሰማን፤ እንዲህ ተከብረን አናውቅምና።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ፤ እሷን ዘልዬ ሌላውን ሰው ብሰድብ ነውር ነው።

እንድሪስ ገና የሃያ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ ጤና ጣቢያ መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ አቀበት ላይ ደረቴን ጭብጥ ያደርገኛል፤ አንዳንዴም ዓይኔ ይጨልማል» አለኝ። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ፣ ከጡቱ ከፍ አድርጌ በግራ በኩል አስቀመጥሁ። ሰማሁት! ሰምቼዋለሁ! ንፋስ በጠባብ ስንጥቅ ሲያልፍ እንደሚያሰማው ያለ ሻካራ ድምፅ ነበር። ቱቦዬ የተቀደደ መሰለኝ። አራገፍኩት፣ እፍ አልኩበት፣ ደግሜ አዳመጥኩ። ያው ነው። ከውጭ ሰው ተሰልፏል፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ሽሮዬ ይበርዳል። «ብርድ ነው» አልኩት።

አንኮበር ሁሉ ነገር ብርድ ነው። ወገብም ብርድ ነው፣ ጥርስም ብርድ ነው፣ መካንነትም ብርድ ነው። እኔ ግን ይህን ከቆላ ለመጣ ሰው፣ ላቡ በደረቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ ነገርኩት። መርፌ ወጋሁት። እሱም በትሩን ተክሎ፣ ሁለት እጁን ደራርቦ፣ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ ዶሮዎቼን ሳይቀር ጠይቆኝ ሄደ። «ምን ያለ ጨዋ ልጅ!» ብዬ ሽሮዬን በላሁ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ጡረታ ወጣሁ። እሱ ሸበተ፣ ዘይነባን አግብቶ ልጆች አሳደገ። ሰላምታው በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ።

አንድ የገበያ ቀን ለጉልበቴ ሙቀት ፍለጋ አሊዩ አምባ ወርጄ ሳለሁ፣ እንድሪስ የቦይ በር ለመክፈት ሲታገል ተዘርሮ ወደቀ አሉ። ሮጥኩ፤ ማለትም እኔ ሩጫ የምለውን አደረግሁ። ስደርስ ነቅቷል። እግሩን ሳየው አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ሆዱ ተነፍቷል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ሰው ሁሉ «ጠበል»፣ «ዱዓ»፣ «ዳማከሴ» ሲል እኔ በሕይወቴ ለአንድ ጊዜ ትክክል ሆንኩና «መኪና!» አልኩ። ወደ ደብረ ብርሃን ይዤው ወጣሁ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ከልጅ ልጄ የማትበልጥ ትንሽዬ ልጅ ናት። ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጬ አላውቅም፤ ዓይኔን የምጨፍነው ከምሳ በኋላ ብቻ ነበር። ቆይታ በልብ አልትራሳውንድ አየችውና ወረቀት ላይ ሥዕል እየሳለች ታስረዳው ጀመር።

«አባቴ፣ ከልብዎ ወደ ሳንባዎ ደም የሚያሳልፍ በር አለ፤ ቫልቭ እንለዋለን። ሦስት ስስ ክዳኖች አሉት። ልብ ደሙን ሲገፋ ይከፈታሉ፣ ደሙ ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ፣ ወደ ኋላ አያስመልሱም። የእርስዎ ክዳኖች ከፍጥረትዎ ጀምሮ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በሩ በደንብ አይከፈትም።»

እንድሪስ ሥዕሉን ትክ ብሎ አየው።

«ደሙ መጠኑ ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«በሩ ጠቦ ውሃው ያው ከሆነ፣ ከበሩ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ይወጠራል።»

«አዎ! ሲገፋ ሲገፋ የልብዎ ቀኝ ጡንቻ ወፍሯል።»

«ወፍሮ ወፍሮ ደግሞ ይደክማል። ሲደክም ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል። እግሬ ላይ ያለው እሱ ነው?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«በር ጠባቂ ነኝ፣ ዶክተርዬ» አላት።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እንደምትልከው፣ እዚያ በብሽሽቱ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊኛ በሩ መሃል ሲነፏት የተጣበቁት ክዳኖች እንደሚላቀቁ ነገረችው። ደረቱ አይቀደድም። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። እሱ ግን አላጨበጨበም።

«ልጄ፣ በግድ የተከፈተ በር መልሶ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል?»

እኔ ይህን ጥያቄ ስሰማ «ይኸ ሰውዬ ደግሞ ነገር ያበዛል፣ ምሳ ሳንበላ» ብዬ ነበር። እሷ ግን በቀጥታ ዓይኑን አየችው።

«ላይዘጋ ይችላል። ከጊዜ በኋላ ሊያፈስ ይችላል፤ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ለዚህ ነው ከተከፈተ በኋላም ዕድሜ ልክዎን በየዓመቱ የምናየው። ደህና ነኝ ብለው አይቅሩ። በመሃል አቀበት ከከበደዎት፣ እግርዎ ካበጠ፣ ልብዎ ከዘለለ፣ ዓመት አይጠብቁ። አፍስሶ ከተገኘ የሚደረግ ነገር አለ፤ ሳይረፍድ ከመጡ በሩ ይቀየራል።»

እንግዲህ ይህን ሁሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ልንወጣ ስንል እንዲህ ብላ ጠየቀችው፦ «ከዚህ በፊት ደረትዎን ያዳመጠ የጤና ባለሙያ አልነበረም? ይህ ድምፅ እኮ የማይሰማ አይደለም።»

እኔን ሳል ያዘኝ። እንዲህ ያለ ሳል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይዞኝ አያውቅም። እንድሪስ ወደ እኔ ሳይዞር «እኔ ነኝ ዶክተርዬ፤ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፣ ሐኪም አላስጠጋም ነበር» አላት። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ጎረቤላ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንመለስ አላመሰገንኩትም። ስለ መንገዱ አቧራ አወራሁለት።

ተራው እስኪደርሰው ብዙ ወራት ጠበቀ። የዚያን ጊዜ ነው የሰውዬውን ብልሃት ያየሁት። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ሰጥተውታል፣ ጨው ቀንስ ብለውታል፣ በየጠዋቱ ተመዘን፣ በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመርክ ውሃ ነው፣ ና ብለውታል። አሊዩ አምባ የሰው ሚዛን ከየት ይመጣል? እህል ነጋዴ ዘንድ ሄዶ በሽንኩርትና በማሽላው ሚዛን ላይ ይቆማል። ገበያተኛው «እንድሪስ፣ ዛሬ ስንት ወጣህ?» ይለዋል። «ትናንት ከወጣሁት አላለፍኩም፤ ገዢ ካለ ጥሩ ነው» ይላል። የተመዘነውን በበሩ ሳንቃ ላይ በከሰል ይጽፈዋል።

ጨው ነበር ያስቸገረው። ለባልዋ አልጫ ወጥ ያለ ጨው የምታቀርብ ሴት አገር ምን ይላታል? ዘይነባ «ጠልታዋለች ይሉኛል» ብላ ስታለቅስ፣ ጎረቤቶች «ምስኪን! ምላሱ ሞተ» እያሉ በየቤታቸው ጠርተው ጨው ነስንሰው ያጎርሱት ነበር። በፍቅር! በፍቅር ሲገድሉት እያየ «አላህ ይስጣችሁ፣ ጠገብኩ» ብሎ ይነሳል እንጂ አንድ ቀን አልተቆጣም። እኔ ተቆጣሁለት። «እናንተ ሰዎች፣ መርዝ ብትሰጡት ይሻላል» ብዬ የአንዷን ቤት ረግሜ ወጣሁ። ከሷ ቤት እስካሁን ምሳ አልተጠራሁም፤ ወጧ ግሩም ነበር።

ተራው ደረሰ። አዲስ አበባ ሄደ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተመለሰ። በተመለሰ በሁለተኛው ወር ከአሊዩ አምባ እስከ ጎረቤላ አንድም ጊዜ ሳይቆም ወጣ! ደጄ ላይ ሲደርስ እየሳቀ ነበር። ለካ ሰውዬው ሳቂታ ኖሯል፤ እኛ አላወቅንም፤ ለሳቅ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም።

ዘይነባ ሰደቃ አዘጋጀች። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ታርዶልን ተጋብዘን ወረድን። በልተን ስንጨርስ ምላሴ አላስቻላትም። ተነሳሁ። «ወገኖቼ!» አልኩ። «እኔ መንገሻ፣ በሕክምና ሙያ ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩ፣ በፊታችሁ እመሰክራለሁ። እንድሪስ ድኗል! ከእንግዲህ የሐኪም ደጅ አይረግጥም! ፈርሜያለሁ!» ጭብጨባው! እልልታው! እንድሪስ ነጠላዬን ጎተት አደረገና «ጋሼ፣ ልጅቷ በየዓመቱ ና ብላኛለች እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ ንግግሬን አታበላሽ» አልኩት።

ዝም አለ። እንድሪስ ሰው ዝም በል ካለው ዝም የሚል ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያሳፍራል። ሰውዬው ሲድን ሰላምታው አጠረ። አቀበቱ ላይ ሲያገኙት «ሰላም ናችሁ? አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እየተራመደ ያልፋል። ትንፋሽ አለዋ! ሥራ አለበት፣ ይቸኩላል፣ እግሩ ታዘዘው። አገሩ ግን ተቀየመ። «ከብቴን ሳይጠይቀኝ አለፈ» አለ ሰይድ፤ ሰይድ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፣ አንድ ሚዛን ሲጎድልበትም ሰላምታ ሲጎድልበትም እኩል ይጮኻል። «አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ኮራ» አለች ሌላዋ። በሁለተኛው ዓመት የቦዩ ጉባኤ ላይ «ሰው የሚንቅ ሰው ውሃ አያካፍልም» ብለው ከውሃ አባትነት ሻሩት። ሰው ጤነኛ ስለሆነ ሲሻር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እንድሪስ በትሩን ይዞ ወደ ማሳው ሄደ። እኔ በጉባኤው ነበርኩ። ምን አልኩ? «ትንሽ አጥሯል፣ እውነት ነው» አልኩ! እኔንም ዶሮዎቼን ሳይጠይቀኝ አልፎኝ ነበርና ከፍቶኝ ነበር።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ብቅ ይል ነበር። «ወዴት ነህ?» ስለው «ብርድ ልብስ ልገዛ» ይለኛል። ሳቄን አልችለውም። ቆላ ለሚኖር ሰው ብርድ ልብስ! እውነትም ገዝቶ ይመለሳል። ብርድ ልብሱ ሰበብ መሆኑን፣ የሚሄደው ልጅቷ ዘንድ ለክትትል መሆኑን፣ እኔ በሕዝብ ፊት «የሐኪም ደጅ አይረግጥም» ስላልኩ ቃሌን ላለማስዋሸት እንደሚደበቅ ዘይነባ የነገረችኝ ከሞተ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሦስት ብርድ ልብስ ገዛ። በአራተኛው መንገዱ ተዘጋ፤ መኪና የሚባል ነገር ከጎረቤላ አልወጣም። በአምስተኛው መንገዱ ሲከፈት እሱ አልሄደም።

በዚያው ሰሞን ሰላምታው መርዘም ጀመረ።

መጀመሪያ ልጆቻችንን መጠየቅ ጀመረ። ከዚያ ከብቱን። ከዚያ አማቶቹ ተመለሱ። በትሩን ይተክላል፣ እጁን ይደራርባል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። አገሩ በደስታ ሰከረ! «የድሮው እንድሪስ መጣ!» አሉ። ሰይድ ራሱ ተነስቶ «ጥፋታችንን እናርም» አለና የውሃ አባትነቱን መለሱለት። በሽታው ስለተመለሰ ሹመቱ ተመለሰለት!

እኔስ? እኔ ያን ሥዕል ያየሁት፣ «በመሃል አቀበት ከከበደዎት» ስትል በጆሮዬ የሰማሁት፣ ከአንዴም ሁለቴ የዚያ ሰው ልብ ያመለጠኝ ጡረተኛ ድሬሰር? እኔ ተደሰትኩ! አንድ ጠዋት ጎረቤላ መኪና ተራ ላይ አገኘኝ። ዶሮዎቼን አንድ በአንድ ሊባል በሚችል ሁኔታ ጠየቀኝ፤ ልቤ በሐሴት ሞላ። ሲጨርስ «ጋሼ፣ የደብረ ብርሃን መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለኝ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ፣ «ደግሞ ብርድ ልብስ? ኧረ እናንተ፣ ይህን ሰው እዩልኝ! ለፍየሎቹም ሊያለብስ ነው!» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ አጭር ሳቅ፣ ሁለት ትንፋሽ የምታህል። ትንሽ ቆሞ በትሩን ነቀለና ቁልቁል ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት በመርዶ ነው።

ለቅሶው ላይ ለመድረስ ያንን ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ሳይሆን ቁጣዬ ነው ያወረደኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሰይድ መሃል ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ ይተርካል። «‹ቤት ደህና?› አለኝ፣ ‹ደህና› አልኩት። ‹ልጆች ደህና?› አለኝ፣ ‹ደህና› አልኩት። ‹ከብት…› አለና በትሩን ለቀቀ። ሱብሐነላህ! እስከ መጨረሻው ሰው ሲያከብር!»

«ሰይድ» አልኩት ቆሜ። «ከታች ነበር የመጣው?»

«አዎ ጋሽ መንገሻ፣ ከቦዩ።»

«ከንፈሩን አየኸው?»

«ምኑን?»

«ላቡንስ? ትከሻው ሲወጣ ሲወርድ አላየህም? በሁለት ጥያቄ መሃል ስንት ጊዜ ተነፈሰ?»

«እኔ ምን አውቅልዎታለሁ፣ ሰላምታ እየሰጠኝ…»

«ሰላምታ አልነበረም!» ብዬ ጮህኩ። «አየር እየለመነ ነበር! አርባ ዓመት አየር ለመነን፣ እኛ አክብሮት መሰለን! ሲድን ሻራችሁት፣ ሲታመም ሾማችሁት! ቀኑ ደርሶ ነው ትሉኛላችሁ። ቀኑ አልደረሰም! ሊቀየር የሚችል በር ነበር! ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሐኪም ነበረች!»

አንድ ሽማግሌ «ጋሽ መንገሻ አርጅተዋል፣ አስቀምጧቸው» አሉ። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ እስቅ ነበር። ሰይድ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። አልገባውም ወይስ ገባው፣ እስካሁን አላውቅም። ስናገር «ሻራችሁት፣ ሾማችሁት» ነበር ያልኩት፤ ሻርነው፣ ሾምነው አላልኩም። ቁጣ ውስጥ እንኳ ራሴን ከጥፋት ማውጣት እንዴት አውቅበታለሁ!

ዘይነባ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ዓይኗ ደርቋል። የብርድ ልብሶቹን ነገር የነገረችኝ ያኔ ነው።

«እንግዲያው አፍስሶ እንደሆነ አላወቀም» አልኳት፤ ቢያንስ እንዳላወቀ ብትነግረኝ ብዬ።

«ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ከዓመት በፊት ጀምሮ። እጄን ወስዶ ደረቱ ላይ ያደርገውና ‹ስሚ፣ ሳይዘጋ ይመለሳል› ይለኝ ነበር። እግሩ ማታ ማታ ያብጣል። ልቡ ትዘላለች። ሂድ ብዬ ለመንኩት፤ አንድ ቀን እሺ ብሎ ተነስቶ ወጣ፣ ከመኪና ተራ ተመለሰ።»

«ምን አለሽ?»

ሻሿን አስተካከለች።

«ዘይነባ፣ ምን አለሽ?»

«‹ጋሼ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ድኗል ብለው ፈርመዋል› አለኝ። ‹አሁን በሽተኛ ሆኜ ብገኝ ሰው ይስቅባቸዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ኀፍረት ይጎዳቸዋል። ብዙም አይቆዩም፤ እሳቸው ሲያልፉ እሄዳለሁ› አለኝ።»

እሳቸው ሲያልፉ!

እስክሞት እየጠበቀኝ ነበር። አቀበት ለመውጣት ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ የእኔ የቀልደኛው ሽማግሌ ስም እንዳይጎድፍ፣ የሚያፈስ ልቡን ይዞ እኔ እስክሞት ተራ ይዞ ቆሞ ነበር። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ለመሞት የምቸኩል ሰው አይደለሁም፤ ጉልበቴ ቢያልቅ፣ ጥርሴ ቢያልቅ፣ ልቤ እንደ ግንድ ጤነኛ ናት።

አገሩን ሁሉ ተቆጥቻለሁ፣ ራሴንም ተቆጥቻለሁ። ከሁሉ አብልጬ ግን የተቆጣሁት እሱን ነው። መቃብሩ ላይ ሄጄ፣ ዘይነባና ልጆቹ እየሰሙ፣ ነግሬዋለሁ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ማን ለመነህ? ኀፍረት እኔን መቼ ጎድቶኝ ያውቃል? ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሞክሮኝ አንድ ቀን እንኳ አላሳመመኝም! ሄደህ ብትመጣ፣ አገር ቢስቅብኝ፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር እኮ!»